ፋሲካው ያልተነገረ ጾም

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ላይፕዚግ ውርጭ ለብሳ፣
ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው፣ የወደቀ ቁልፍ በመዳፌ ላነሳ
ጎንበስ ስል ያየኝ ጎረቤት
ሰክሬ የገባሁ መሰለው፤ እኔ ለሥራ ስወጣ ነበር ከቤት።

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት
ሊጥ የሚያውቀኝ በእጄ ሙቀት።
አሁን እጄ ራሱ ኩፍ ብሏል፣ ያለ እርሾ፣ ያለ ዱቄት።

ሐኪሙ በጀርመንኛ ያለውን መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይ
«ብግነት» ይላል። እኛ ዘንድ የሚበግን ሰው ነበር፣
ብድሩን ተክዶ፣ ወይ ተሰድቦ ባደባባይ።
መገጣጠሚያ ሲበግን አላውቅም።
ማን ክዶት ይሆን ጉልበቴን? ይህን ሐኪም አይጠየቅም።

ሰኞ ሰኞ የምውጠው ቢጫ ክኒን ሆዴን ሲያላውሰው፣
ቦዠና፣ ከጎኔ ሊጥ የምትቆርጠው፣
«አክስቴ የዳነችበት ቤት አለ» አለች፤
አድራሻውን በዱቄት ከረጢት ቅዳጅ ላይ ጻፈች።

ጉድሩን ትባላለች። ስሟ ገና ሲጠራ በ«ጉድ» ይጀምራል።
ምላሴን አየች፣ ጥፍሬን አየች፤ «ሰውነትህ» አለች «ይናገራል፣
ሰሚ አጥቶ ነው እንጂ።»
ከዚያ ሳማ አዘዘችልኝ፤ ቀቅዬ እንድጠጣ ጠዋት ማታ።
እኔ ሳማን የማውቀው በቅጣት ነው፤ አባቴ ከጓሮ ቆርጦ ቅልጥሜን ሲመታ።
ያንኑ ሳማ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ በዘጠኝ ዩሮ ገዛሁት፤
አባዬን በሳቅ ይገድለው ነበር፣ ቢኖርና ባወራሁት።

ቀጥሎ ክልክሉ፦ ስንዴ ተው። ወተት ተው። እንቁላል፣
ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬ። «እስከ መቼ?» ስላት «ሰውነትህ ያውቃል።»
ጾምስ አዲስ አይደለም፤ ከልጅነቴ የማውቀው ነው፤
ግን የኛ ጾም ዶሮ የሚጮህበት ሌሊት አለው።
ይህ ለነፍስ ያልሆነ፣ ለጉልበት የተያዘ ሁዳዴ፣
ፋሲካውን ማን ይንገረው ለሆዴ?

ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊቱ ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፤
ደረጃ ስወጣ ጉልበቴም ያንኑ ድምፅ ያመጣል።
ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ ያርፋል። አልቀመስኩም።
ማታ፣ ቦዠና እንደመከረችኝ፣ ጉልበቴን በጥቅል ጎመን ቅጠል ጠቅልዬ ስጋደም
ጥሩወርቅ «ዶልማ» ብላ ሳቀች።
ያልነገርኳትን ግን አላወቀች፦
የሰኞውንም ክኒን ትቼ ነበር። ጉድሩን አላዘዘችኝም፤
እኔው ነኝ። ከዳንኩ ያዳነኝን ልለይ ብዬ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆምኩ።
የኛ አራተኛው ነው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።
ጥሩወርቅ ወረደች፤ ጫማዬን ፈታች፤
ምንም አላለች።
ሐኪሙም አልተቆጣም። «እንደገና እንጀምር» ብቻ አለኝ፤
አለመቆጣቱ ነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያበገነኝ።

ክኒኑ ተመለሰ። ምግቡንም አንድ አንዱን፣ በሦስት ሦስት ቀን፣
እንደ ተከሳሽ ጠራሁ። እንቁላል ነጻ ወጣ፤ ወተትንም ለቀቅን።
ቲማቲም በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቴን አሳበጠ፤
ወይስ ዝናቡ? ያን ለታ ሲወርድ ዋለና፣ በጥርጣሬ አመለጠ።

ስንዴ ቀርቷል።
ንጹሕ ከሆነ በከንቱ አማሁት፤ ጥፋተኛም ቢሆን እንጀራዬ ነው፤ ምን ይደረጋል?
ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ቦዠና የዳቦ ጥግ ቆርሳ ዘረጋችልኝ፤
ተቀበልኳት። «ብላ እንጂ» በሚል ዓይን አየችኝ።
ገና አልጎረስኩም። መዳፌ ውስጥ ይሞቃል፤
ከዳቦውና ከእጄ የቱ እንደሚሞቅ ግን ማን ያውቃል።